በማሻ፣ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ መጋዘኖች ስለ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ አተካከልና አጠባበቅ

የቡና ወራት በደረሰ ጊዜ ከማሻ በቴፒ በኩል እስከ ሚዛን ተፈሪ ባለው መንገድ ዳርና ዳር ያሉት መጋዘኖች ይሞላሉ። የቀን ሠራተኛው ጆንያ ይሸከማል፤ መዛኙ ይጽፋል፤ ዘበኛው ሌሊቱን ከዕቃው ጋራ ያድራል። በዚህ ጊዜ የነጋዴው ሐሳብ ሁሉ በዋጋ፣ በመኪና ኪራይና በቡናው እርጥበት ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከቡናውና ከሠራተኛው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድር፣ ዐይን የማያየው፣ ብዙ ጊዜም አፍንጫ የማያሸተው ነገር አለ፤ እርሱም መርዘኛ አየር ነው።

ይህን አየር ለይቶ የሚያስታውቅ መሣሪያ ከተፈለሰፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ በእጅ የሚያዘውም ሆነ በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ከውጭ አገር ይመጣል፤ በነጋዴዎች ዘንድ ዲቴክተር ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን ጋዝ ጠቋሚ ተብሎ ይጠራል። መሣሪያው መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን በትክክለኛው ስፍራ ያልተተከለና ስሙ የታወቀ ጠባቂ የሌለው ጋዝ ጠቋሚ ከመሣሪያ እጦት ይብሳል፤ መሣሪያ የሌለው ሰው ፈርቶ ይጠነቀቃልና፣ ያለው ሰው ግን በመሣሪያው ተማምኖ ያለ ስጋት ይገባልና። ስለዚህ አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለሱቁም ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ፣ መሣሪያው የት ይቆማል፣ ማንስ ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሱቅ ቋንቋ ጋዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሊትር የሚሸጠውን ላምባ ነው። እዚህ የሚነገረው ግን እንደ አየር ሆኖ በቤት ውስጥ ስለሚናኘው ነገር ነው። የዚህም ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱን የሚያውቅ መሣሪያ ሌላውን ላያውቅ ይችላል። ባለሱቁ "ጋዝ ጠቋሚ ስጠኝ" ብሎ ቢገዛ፣ የማብሰያ ጋዝን ብቻ የሚያውቀውን ይዞ የከሰል ጢስ ካለበት ቤት ሊሰቅለው ይችላል። ያ መሣሪያ ሰው ሲሞት ዝም ብሎ ያያል።

በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ነጋዴ በይበልጥ ሊያውቃቸው የሚገባው አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ማሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፣ ዝናምና ጉም የሚያዘወትሯት ከተማ ናት። በዚህ ብርድ ዘበኛው በሩን ዘግቶ የከሰል ምድጃ ቢያስገባ የሚያስደንቅ አይደለም። መብራት በጠፋ ጊዜም ጄኔሬተሩ ዝናም እንዳይመታው ወደ ጓዳ ይገባል። ከሰልም ሆነ ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይህ ጋዝ ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ስፍራ ይይዛል፤ ሰውየው ራስ ምታቱን ከድካም ቆጥሮ ይተኛል፤ ከዚያም አይነሣም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚፈቅደው ከሚሊዮን እጅ 50 እጅ ብቻ ነው፤ 1,200 እጅ ሲደርስ ለሕይወት ወዲያውኑ የሚያሠጋ ተብሎ ተመድቧል። የተቆላ ቡናም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ቡናውን ቆልቶና ፈጭቶ ለመሸጥ የተነሣ ነጋዴ፣ የተቆላውን የሚያከማችበት ጠባብ ክፍል ከዚህ አደጋ ነፃ አለመሆኑን ይወቅ።

ሁለተኛው በነቀዝ ክኒን የሚወጣው ፎስፊን ነው። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባል ነገር ሲሆን፣ ከአየሩ እርጥበት ጋራ ሲገናኝ ፎስፊንን ይለቃል። በቆሎና ባቄላ የሚያከማች ሁሉ ያውቀዋል፤ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ዕቃም ገዢው አገር ሲጠይቅ በዚሁ ይታጠናል። ነቀዝን የሚገድለው ሰውንም ይገድላል። በሥራ ስፍራ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ወሰን ከሚሊዮን እጅ ከአንድ እጅ ሲሶ እንኳ የማይሞላ፣ ማለት 0.3 እጅ ነው። አንዳንድ ጊዜ እንደ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ነገር ግን ሽታውን ጠብቆ መሸሽ አይቻልም፤ ሽታው ሳይሰማ ጉዳት ሊደርስ ይችላልና። ይልቁንም በየከተማው እንደሚታየው ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ ሆኖ በአንድ ግድግዳ ሲለያዩ፣ ጋዙ በስንጥቅ አልፎ ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል።

ሦስተኛው ከመብላላት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሸት ቡና ተፈልፍሎ በገንዳ ሲብላላ፣ ልጣጩ ሲከመርና የማጠቢያው ፍሳሽ በጉድጓድ ሲጠራቀም ይህ ጋዝ ይፈጠራል። ገንዳው በገላጣ ስፍራ ከሆነ ነፋስ ያነሣዋል፤ ጥልቅ በሆነ ጉድጓድ፣ በተከደነ ማጠራቀሚያና ዛሬ ለልዩ ጣዕም ተብሎ ቡና በታሸገ በርሜል በሚብላላበት ዝግ ክፍል ግን ይከማቻል። ከቆየ ፍሳሽ ደግሞ ሚቴንና እንደ ገማ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጨመራሉ። ይህ የመጨረሻው ክፉ ጠባይ አለው፤ ጥቂት ሲሆን ይሸታል፤ ከሚሊዮን እጅ 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን የማሽተትን ኃይል ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የገባ ሰው ወደ ሞት ገባ ማለት ነው።

አራተኛው በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ነው። ይህ ከቀደሙት የሚለየው በመርዙ ሳይሆን በእሳቱ ነው፤ ከአየሩ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ሲሆን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

እንግዲህ መሣሪያው የት ይቆም ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በጋዙ ክብደት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ የማብሰያ ጋዝም ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ሁለቱም እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳሉ። በካሜሩን አገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከኒዮስ ሐይቅ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሸለቆው ቁልቁል ፈስሶ 1,700 ያህል ሰዎችን በሌሊት የፈጀው በዚህ ጠባዩ ነው። ስለዚህ እነዚህን የሚጠብቅ መሣሪያ ከወለሉ ከክንድ የማይበልጥ ከፍታ ላይ ይሰቀላል። ሚቴን ግን የአየርን ግማሽ ያህል ስለሚመዝን ከጣራው ሥር ይፈለጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ጋራ የተካከለ ክብደት ስላለው ከሁሉ ጋራ ይደባለቃል፤ መሣሪያው የሚሰቀለው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ነው፤ ዘበኛው ከሚተኛበት ክፍል ከሆነም በመደቡ አጠገብ፣ በራሱ ትይዩ ይሁን። ፎስፊን ከአየር በጥቂት ቢከብድም በቀላሉ ይሰራጫል፤ ስለሆነም በሸራው ዙሪያ፣ በበሩ ደፍና ከጎረቤት ጋራ በሚያዋስነው ግድግዳ ማዶ በእጅ መሣሪያ ይለካል። ፎስፊን መዳብን የሚበላ ስለሆነ፣ ለዚሁ ያልተሠራ መሣሪያ በሚታጠነው ክፍል ውስጥ ቢተው ራሱ ይበላሻል።

ክብደቱ ብቻም አይበቃም። መሣሪያው ከመስኮትና ከበር አጠገብ ቢሰቀል ንጹሕ ነፋስ እየመታው ሁልጊዜ ደኅና ነው ይላል። ከጆንያ ክምር ጀርባ ቢውል አየር አይደርሰውም፤ ጣራው በሚያንጠባጥብበት ወይም የቡና ገለባ በሚቦንንበት ስፍራ ቢሆን ይደፈናል። ከጄኔሬተሩ ጢስ መውጫ ፊት ለፊት ቢሆን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ሠራተኛውም ሰልችቶ ባትሪውን ያወጣል። በከንቱ የሚጮኽ መሣሪያ ሰውን አለማመንን ያስተምራል፤ እውነተኛው ቀን በመጣ ጊዜም የሚሰማው አያገኝም።

ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ጋዝ ለይቶ የሚያውቀው ክፍል ከውስጥ ቢሆንም፣ ጩኸቱና ቁጥሩ ከውጭ ሊሰማና ሊነበብ ይገባል። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ብቻ የሚጮኽ መሣሪያ፣ አደጋውን ለማወቅ ወደ አደጋው ግባ እንደማለት ነው። ለጉድጓድና ለታሸገ ገንዳም እንዲሁ ነው፤ ሰው ሳይወርድ በፊት መለኪያው በገመድ ወይም በቱቦ ወርዶ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካል። አስቀድሞ ኦክስጅን ይታያል፤ ከመቶ 19.5 በታች ከሆነ አይገባም። የኦክስጅኑ መለካት የሚቀድምበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ተቀጣጣይ ጋዝን የሚያውቀው የተለመደው ዓይነት ሴንሰር ራሱ ኦክስጅን ካላገኘ በትክክል አይናገርም።

እዚህ ላይ ስለ አዳኞች ሳይነገር አይታለፍም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በጠባብና ዝግ ስፍራዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 60 የሚበልጡት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን አስታውቋል። በአገራችን ወንድም ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ የለም፤ ደግነቱ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ያለ መለኪያና ያለ ገመድ ሲገባ አንዱን ሐዘን ሁለት ያደርገዋል።

ለማሻና ለቴፒ ነጋዴ በተለይ የሚነገር ደግሞ ስለ ከፍታና ስለ እርጥበት ነው። ከማሻ ተነሥቶ ወደ ቴፒ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የአየሩ ግፊትም እንዲሁ ይለወጣል። በባሕር ጠረፍ ባለ ፋብሪካ የተስተካከለ መሣሪያ ማሻ ሲደርስ፣ እንደ ሴንሰሩ ዓይነት ኦክስጅንን አሳንሶ በከንቱ ሊጮኽ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም አሳንሶ ዝም ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መሣሪያው በሚሠራበት ከተማ በታወቀ የመሞከሪያ ጋዝ እንደገና ይስተካከላል። የነቀዝ ክኒኑም ነገር ከዚህ ጋራ ይታያል፤ ብርድ ሲበዛ ጋዙ ከክኒኑ የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ፣ በቴፒ ሙቀት የተቆጠረው የማጠኛ ቀን ለማሻ ብርድ አይበቃም። ቀኑን ቆጥሮ ብቻ በር የሚከፍት ይሳሳታል፤ ለክቶ የሚከፍት ግን አይሳሳትም።

አሁን ወደ ጠባቂው እንመለስ። መሣሪያ እንደ ሚዛን ነው፤ ካልተመረመረ ይዋሻል። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላሉ፤ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡም ያረጃሉ። ስለዚህ በየመጋዘኑ አንድ ሰው በስሙ ኃላፊ ሆኖ ይሾም፤ አንድ መዝገብም ይሰጠው። በመዝገቡ ላይ መሣሪያው የተተከለበት ቀን፣ በመሞከሪያ ጋዝ የተፈተነበት ቀንና ያሳየው ቁጥር፣ ባትሪውና ሴንሰሩ የሚለወጡበት ጊዜ ይጻፋሉ። በእጅ የሚያዘው በሥራ ቀን ሁሉ ከሥራ በፊት ይሞከራል፤ የተሰቀለውም አምራቹ ባዘዘው ቀን ይስተካከላል። ሲጮኽ ማን በሩን እንደሚከፍት፣ ማን ሠራተኛውን እንደሚቆጥር፣ ማን ተመልሶ መግባትን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ይወሰን። ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

መሣሪያ ኖሮ ጠባቂ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ዓለም በቦፓል አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 በዚህች የሕንድ ከተማ የመርዝ ጋዝ ወጥቶ ብዙ ሺህ ሰው በጨረሰ ጊዜ፣ ፋብሪካው የመከላከያ መሣሪያ ያልተሠራለት አልነበረም። ማቀዝቀዣው ተዘግቶ፣ ጋዙን የሚያቃጥለው ማማ ለጥገና ተፈትቶ ነበር። ዕቃው ነበረ፤ ሥራው ግን አልነበረም። የቦፓል ፋብሪካና የማሻ መጋዘን በመጠን አይመሳሰሉም፤ ቸልተኝነት ግን በትልቅም በትንሽም ቤት አንድ ነው።

አንዳንዶች ይህ ለትልልቅ ፋብሪካዎች የተባለ ነው፣ የእኛ መጋዘን በቆርቆሮ የተሠራና ነፋስ የሚገባው ነው ይላሉ። በበጋ እውነት ሊሆን ይችላል። በክረምት ግን ያ ቀዳዳ ሁሉ ዝናም እንዳያስገባ በሸራና በጆንያ ይደፈናል፤ አደጋው የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው። ሌሎች ደግሞ ወጪውን ያነሣሉ። ይህ ሊናቅ የማይገባ ቃል ነው፤ ትንሹ ባለሱቅ ሁሉንም ዓይነት መሣሪያ ሊገዛ አይችልም። ነገር ግን ከመሣሪያው በፊት ያለ ገንዘብ የሚሆን ነገር አለ፤ ከሰል ከመኝታ ክፍል ማስወጣት፣ ጄኔሬተርን ከቤት ውጭ ከዳስ ሥር ማቆም፣ ሰው ባለበት ግድግዳ አጠገብ አለማጠን፣ ከመግባት በፊት በርን ከፍቶ ማናፈስ። ጋዝ ጠቋሚ የእነዚህ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ለቀረውም በአንድ ከተማ ያሉ አምስትና ስድስት ነጋዴዎች ተባብረው አንድ ደኅና የእጅ መሣሪያ ቢገዙና በተራ ቢጠቀሙበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ይቀልላል። ዕቁብና ዕድር ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ጥሎበታል። ጆንያ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛና መጋዘን የሚጠብቀው ዘበኛ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናቸው ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር ይሳሳታል።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ወገን የሚገባው ድርሻ ይህ ነው።

1ኛ/ አስመጪው መሣሪያውን ብቻ አምጥቶ መሸጥ አይበቃውም። የመሞከሪያ ጋዙን፣ መለወጫ ሴንሰሩንና በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ አብሮ ያቅርብ፤ የትኛውን ጋዝ እንደሚያውቅና እንደማያውቅ በሣጥኑ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ሴንሰሩ የተሠራበትን ቀን ሳያይ የቆየ ዕቃ በርካሽ ገዝቶ የሚያመጣ፣ ያረጀ መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው አይለይም።

2ኛ/ ላኪው ቡናውንና ቅመሙን የሚረከብበትን መጋዘን እርጥበት እንደሚመረምር ሁሉ አየሩንም ይመርምር። በኪራይ የሚይዘውን መጋዘን ውል ሲፈርም የመሣሪያው ጠባቂ ማን እንደሆነ በውሉ ይግባ። በውጭ አገር ያሉ ገዢዎች ቡናው በምን ሁኔታና በማን ጉልበት እንደ ተዘጋጀ መጠየቅ ጀምረዋል፤ መዝገብ ያለው ይመልሳል፣ የሌለው ያፍራል።

3ኛ/ ባለሱቁ የነቀዝ ክኒን ሲሸጥ ለማን እንደሚሸጥና ገዢው የት ሊያጥንበት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ክኒኑን ከእህልና ከሕፃናት ለይቶ፣ ከእርጥበት ጠብቆ ያስቀምጥ። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደርንም ከጓዳ አውጥቶ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ያቁም።

የንግድ ምክር ቤቶችም በዚህ ነገር ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። የቡና ወራት ከመግባቱ በፊት አባሎቻቸውን ሰብስበው መሣሪያውን በዐይናቸው ቢያሳዩ፣ በማሻም በቴፒም በሚዛን ተፈሪም አንዳንድ የሚያስተካክል ባለሙያ እንዲሠለጥን ቢረዱ፣ የጋራ መግዣውንም ቢያስተባብሩ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።

የቡና ዋጋ ወጥቶ ይወርዳል፤ የከሰረም ነጋዴ በሌላ ዓመት ያተርፋል። ሌሊቱን በመጋዘን ያደረ ዘበኛ ግን ጠዋት ካልተነሣ የሚተካው ትርፍ የለም። አደጋ ከደረሰ በኋላ መሣሪያ ለመግዛት የሚሮጥ ሰው ነገር "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንደሚባለው ነው። ዘንድሮ በር ሳይዘጋና ከሰል ሳይቀጣጠል፣ መሣሪያው ከስፍራው ይዋል፤ የጠባቂውም ስም በመዝገብ ይጻፍ።